ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨልሟል

ጥያቄ፦ የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ኮምፒውተሬ እየጮኸ ሥራ አላሠራ ስላለኝ ልጄ ባለፈው እሑድ ጎኑን ከፍታ አቧራውን ጠረገችልኝ። ከኋላ ያሉትን ገመዶች በሙሉ ነቅላ መልሳ ሰካቻቸው። ከዚያ ወዲህ ማስነሻውን ስጫን መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያዎቹም ይዞራሉ፤ ስክሪኑ ግን «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንዶች አሳይቶ ይጨልማል። ሲነሣ ምንም የማስጠንቀቂያ ጩኸት አያሰማም። በስልክ ያነጋገርኩት ጠጋኝ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይግዙ» አለኝ። አንድ ወዳጄ ደግሞ የተበላሸው ስክሪኑ ነው ባይ ነው። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ አለው። ልጨርሰው ጥቂት የቀረኝ የመጽሐፍ ትርጉም በውስጡ ይገኛል፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ልጄን ክፉኛ ተቆጥቻታለሁ። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባው አባት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

በቅድሚያ ስለ ትርጉሙ ልንገርዎት፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት እንቅልፍ የነሳዎት ከኮምፒውተሩ ይልቅ እሱ ነውና። የጻፉት ሁሉ የሚገኘው በሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ስክሪን የሚያጨልሙት ብልሽቶች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዲስኩ ውጭ ያሉ ናቸው፤ ኬብል፣ ራም (ጊዜያዊው ማስታወሻ)፣ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣው ሰሌዳ)፣ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል አከፋፋዩ)፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚገጠምበት ዋና ሰሌዳ)። ጠጋኙ እንዳለው ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ቢሆን እንኳ ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲገጠም ፋይሎቹ እንደነበሩ የመገኘታቸው ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ጠፋ ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስብዎታለሁ። ማንም ሰው «ፎርማት እናድርገው» ወይም «ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንጫነው» ቢልዎት እሺ አይበሉ። ገና ሲነሣ ጀምሮ ምስል የሌለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ስለተቀየረለት አይድንም፤ ትርጉሙን ግን በዚያው ሊያጡት ይችላሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ልጅዎ ናት። እባክዎ ይታረቋት። ይህንን የምለው ስለምታሳዝነኝ ብቻ አይደለም፤ ብልሽቱን ለማግኘት ከማንም በላይ የምታስፈልግዎት እሷ ናት። ሲሠራ የነበረ ማሽን ከተነካካ በኋላ ካልሠራ ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው በተነካካው ነገር ላይ ነው። የትኛውን ኬብል የት እንደሰካች፣ ብሩሹ ወይም ጨርቁ የት ድረስ እንደገባ፣ የተፈታ ነገር እንደነበረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የተቆጡት ልጅ ደግሞ ያደረገውን ሁሉ አይናገርም። ረጋ ብለው ይጠይቋት፤ የምትነግርዎትን በወረቀት ላይ ይጻፉት። ከጽዳት በኋላ የሚመጣ ጨለማ ብዙውን ጊዜ ከመቃጠል የሚመጣ አይደለም። ከቦታው ትንሽ የተነቃነቀ ወይም ያለ ቦታው የተሰካ ነገር አለ ማለት ነው።

ማዘርቦርድ ተቃጥሏል የሚለውን ፍርድ በስልክ መስጠት የሚቻል አይመስለኝም። ማዘርቦርድ ጥፋተኛ የሚባለው ሌሎቹ ሁሉ ተፈትሸው ነፃ ከወጡ በኋላ ነው። ምንም ሳይፈተሽ ሌላ እንዲገዙ የመከረዎት ሰው የማያውቀውን ነው የነገረዎት። እስካሁን አንድም ዕቃ አልገዙም፤ እንደዚያው ይቆዩ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ማራገቢያ መዞሩ ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነገር ነው የሚነግረን። ፓወር ሰፕላዩ ለኮምፒውተሩ በዋናነት 12 ቮልት፣ 5 ቮልት እና 3.3 ቮልት ያከፋፍላል። ማራገቢያው የሚፈልገው ያንን 12 ቮልት ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋና ቺፕ) ምንም ኃይል ሳያገኝ፣ ራሙ ሳይነበብ፣ ማራገቢያው ብቻውን ደስ ብሎት ሊዞር ይችላል። ምስል እስኪመጣ ድረስ የሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ነው። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ የሚሰጠው ቮልት መስተካከሉን አረጋግጦ ለማዘርቦርዱ ምልክት ይልካል። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ባዮስ የሚባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል። ባዮሱ ራሙን ይፈትሻል፣ ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን ያነቃል፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ወይም አርማ ስክሪን ላይ የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ጋ ሥራው ከቆመ ጨለማውን ያያሉ። እርስዎና ልጅዎ የምትፈልጉት የቱ ጋ እንደቆመ ነው።

ወዳጅዎ ስለ ስክሪኑ ያለውን በቀላሉ ማጣራት ይቻላል፤ እንዲያውም መልሱ በደብዳቤዎ ውስጥ አለ። «ሲግናል የለም» ብሎ የሚጽፍ ስክሪን ራሱ ይሠራል። ፓኔሉም፣ የኋላ መብራቱም፣ የውስጥ ሰሌዳውም ባይሠሩ ኖሮ ያንን ጽሑፍ አያዩትም ነበር። ስክሪኑ እየነገረዎት ያለው እሱ ዝግጁ ቢሆንም በኬብሉ በኩል ምንም እንዳልመጣለት ነው። ከስክሪኑ በኩል አንድ የሚቀር ጥርጣሬ አለ፤ የሚያዳምጠው የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ኬብሉ ኤችዲኤምአይ ሆኖ ስክሪኑ ቪጂኤን ወይም ዲስፕሌይፖርትን እየጠበቀ ከሆነ (ሦስቱም የምስል ኬብል ዓይነቶች ናቸው) ሁልጊዜም ሲግናል የለም ይላል። በስክሪኑ ጠርዝ ወይም ከታች ባሉት ቁልፎች ሜኑውን ከፍተው የምስል ምንጩን ኬብሉ ከተሰካበት ጋር ያመሳስሉት።

ቀጥሎ ያለውን ሳያዩ የኮምፒውተሩን ጎን እንዳይከፍቱ። ከኋላ በኩል የስክሪን ኬብል ሊሰካባቸው የሚችሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የዩኤስቢ፣ የኔትወርክና የድምፅ ቀዳዳዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ያ የማዘርቦርዱ ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በአግድም በተዘረጋ ጠባብ የብረት ሳህን ላይ ይገኛል፤ ያ የግራፊክስ ካርዱ ነው። የሁለቱም ቀዳዳ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ኬብሉ ሁለቱም ጋ ያለ ችግር ይገባል። እንደ እርስዎ ያለ ለብቻው የተገጠመ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ ምስሉን የሚልከው በካርዱ በኩል ብቻ ነው። ጭራሽ ምስል የማውጣት ችሎታ የሌላቸው ፕሮሰሰሮችም አሉ። የሞዴል ስማቸው በ«ኤፍ» ፊደል የሚጨርስ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እንደዚህ ናቸው፤ ከ7000 ተከታታይ በፊት የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችም ስማቸው በ«ጂ» ካልጨረሰ በቀር በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። ልጅዎ ገመዱን ሁሉ ነቅላ መልሳ ሰክታለች ብለዋል። ኬብሉን የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ሰክታው ከሆነ የእርስዎ ችግር በሙሉ ይኸው ነው። ወደ ካርዱ ያዛውሩትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱት። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ኬብሉን ሲነቅሉ ጫፉን ልብ ይበሉ። የዲስፕሌይፖርት ኬብል ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ የሚጫኑት መቆለፊያ አለው፤ ሳይጫኑ በጉልበት ከሳቡት ቀዳዳውን ከነሥሩ ሊነቅሉት ይችላሉ። ሰማያዊ ጫፍ ያለው ቪጂኤ ከሆነ ወደ ውስጡ ይመልከቱ፤ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ ቀጫጭን እሾሆችን ያያሉ። አንዱ ከተጣመመ በቀጭን ነገር ቀስ አድርገው ያቅኑት። ከ15ቱ ውስጥ አንዱ፣ ዘጠነኛው፣ በብዙ ኬብሎች ላይ ከመጀመሪያውም የለም፤ ባዶ ቦታውን አይተው ተሰበረ ብለው እንዳይደነግጡ። የሚቻል ከሆነ ሌላ ኬብል ተውሰው ይሞክሩ፤ ኬብል ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ የሚበጠስ ዕቃ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ኮምፒውተሩ በውስጡ ነቅቶ ይሁን ሳይነቃ ቆሞ የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። መብራት ያለው ባለ ገመድ ኪቦርድ ከኋላ ይሰኩና ኮምፒውተሩን ያስነሱ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቀው ነምሎክ ወይም ካፕስ ሎክ የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። በተጫኑት ቁጥር የኪቦርዱ መብራት በርቶ የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ ነቅቷል፤ የጎደለው የምስሉ መንገድ ብቻ ነው፣ ማለትም ካርዱ፣ ኬብሉ ወይም ስክሪኑ። መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ግን ሥራው ገና ከጅምሩ ቆሟል፤ ጥርጣሬው ወደ ራም፣ ወደ ፕሮሰሰሩ ኃይል፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይዞራል። ይህች ትንሽ ፈተና የፍለጋውን ግማሽ ትቀንስልዎታለች፤ ውጤቷን ልጅዎ የነገረችዎትን የጻፉበት ወረቀት ላይ ያስፍሩት።

ድምፅ አያሰማም ያሉትን በተመለከተ፦ ዝምታው ብዙም አይነግረንም። የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን የምታሰማው ትንሽ ድምፅ ማጉያ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጭራሽ አትገጠምም። ብትኖርና ብትጮህ ደግሞ የጩኸቱ ቁጥር ትርጉም እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያል፤ አንዱ ጋ የራም ችግር የሆነው ሌላው ጋ የግራፊክስ ካርድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማዘርቦርዱን መመሪያ ሳያዩ ከሰሙት ዝርዝር ተነሥተው አይፍረዱ። ከዚያ ይልቅ በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የሚገኙ ጥቃቅን መብራቶችን ይፈልጉ። አራት ናቸው፤ አጠገባቸው የፕሮሰሰር፣ የራም፣ የምስልና የማስነሻ ዲስክ ስም ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በየተራ በርተው ይጠፋሉ። አንደኛው በርቶ ከቀረ ሥራው የቆመው እዚያ ጋ ነው።

አሁን ጎኑን መክፈት ይችላሉ። አስቀድመው የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ከዚያ ማስነሻውን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙት፣ በውስጥ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ። ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። እጅዎን ወደ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ፤ በሰውነትዎ ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ እርስዎ ሳይሰማዎት ቺፕ ሊያበላሽ ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ ልጅዎ የተጠቀመችበት የቤት አቧራ መሳቢያ ማሽን ከሆነ ለወደፊቱ ይቅር። የቧንቧው ጫፍ ስታቲክ ይፈጥራል፤ የታመቀ አየር በሚረጭ ቆርቆሮ ወይም በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይሻላል፣ የማራገቢያውንም ክንፍ በጣት ይዞ።

በመጀመሪያ ራሙ። ከጽዳት በኋላ በሚመጣ ጨለማ ራም ከቦታው ትንሽ ከፍ ብሎ መገኘቱ እጅግ የተለመደ ነው። ከፕሮሰሰሩ ጎን የቆሙ ረጃጅም ቀጭን ሰሌዳዎች ናቸው። ብሩሽ አንዱን ጫፍ ገፋ ቢያደርገው በዓይን ሲያዩት የገባ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ጫፍ ከሌላው በግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ካለ ከታች ያሉት የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶች ከቀዳዳው መገናኛ ጋር አይነካኩም። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ራሞች በዓይንዎ ልክ ዝቅ ብለው ያነጻጽሯቸው። በቀዳዳው ጫፍ ያለውን መያዣ ገፍተው (አንዳንድ ማዘርቦርዶች መያዣ ያላቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው) ራሙን ቀጥ አድርገው ያውጡት። ጥርሶቹን በጣትዎ አይንኩ። የቆሸሹ ከሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጓቸውና እስኪደርቁ ይጠብቁ። ብዙ ጠጋኞች በላጲስ ያሻሹታል፤ ብዙውን ጊዜም ይሠራል። እኔ ግን አልመክርም። ላጲስ ስስ የሆነውን የወርቅ ሽፋን ይልጠዋል፤ ፍርፋሪውም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሌላ ችግር ይሆናል።

ሲመልሱ በራሙ ላይ ያለችው ቅዳድ በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ ካለችው ጉብታ ጋር መግጠሟን ያረጋግጡ፤ ካልገጠመች ራሙን አዙሩት እንጂ አይጫኑት። ከገጠመች በሁለቱም ጫፍ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። የሚጠይቀው ጉልበት ሰው ከሚጠብቀው በላይ ነው፤ ብዙዎች ሰሌዳው ይሰበራል ብለው ፈርተው ግማሽ መንገድ ላይ ይተዉታል። መያዣው «ቀጭ» ብሎ ራሱ መዘጋት አለበት። ያንን ድምፅ ካልሰሙ አልገባም።

በመጀመሪያው ሙከራ አንዱን ራም ብቻ ያስገቡ። አራት ቀዳዳ ባላቸው ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ብቻውን ለሚገባ ራም የሚመረጠው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ቀዳዳ ነው፤ የእርስዎን መመሪያው ይነግርዎታል። አስነሥተው ይዩ። ካልሆነ ኃይሉን ነቅለው ሌላውን ራም እዚያው ቀዳዳ ላይ፣ ከዚያ ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሞክሩ። በአንድ ጊዜ የሚቀይሩት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ራሙንም ካርዱንም ኬብሉንም በአንድ ላይ ነካክተው ምስል ቢመጣ የትኛው እንዳዳነዎት አያውቁም፤ ነገ ሲደገምም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ራሙ ዲዲአር 5 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ትዕግሥት ይጨምሩ፤ ራም ከተቀያየረ በኋላ ማዘርቦርዱ አዲስ ልኬት ስለሚወስድ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ቸኩለው ካጠፉት ልኬቱ ይቋረጣል።

ከራሙ ቀጥሎ የኃይል መሰኪያዎቹ። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ትልቁ ባለ 24 እግር መሰኪያ በደንብ መቀመጡን ይዩ። ሰዎች የሚረሱት ግን ሌላውን ነው፤ ፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ በማዘርቦርዱ የላይኛው ጥግ ላይ የሚሰካውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 እግር መሰኪያ። ፕሮሰሰሩ ኃይሉን የሚያገኘው በእሱ ነው። እሱ ከወጣ ወይም ከላላ እርስዎ የጻፉልኝ ምልክት አንድም ሳይጎድል ይታያል፦ መብራት አለ፣ ማራገቢያ አለ፣ ምስል የለም።

ግራፊክስ ካርዱም የራሱ መሰኪያ ሊኖረው ይችላል። የተቀመጠበት ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ በላይኛው ጠርዙ ላይ ባለ 6 ወይም ባለ 8 እግር ተጨማሪ መሰኪያ አለው። መሰኪያው ባዶ ከሆነ አገኙት ማለት ነው። ተሰክቶም ምስል ከሌለ ካርዱን ከኬዙ ጋር የያዘውን ብሎን ፈትተው፣ በቀዳዳው ጫፍ ያለውን መቆለፊያ ተጭነው ያውጡትና መልሰው እስኪቆለፍ ያስገቡት። ከባድ ካርድ በክብደቱ ወደ ታች ያዘነብላልና ሲገጥሙ ከሥሩ በእጅዎ ደግፈው ብሎኑን ያጥብቁ። ፕሮሰሰርዎ ራሱ ምስል ማውጣት የሚችል ከሆነ ደግሞ ካርዱን ጭራሽ አውጥተው ኬብሉን የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ በመሰካት ይሞክሩ። በዚህ መንገድ ምስል ከመጣ ችግሩ ካርዱ ጋ ነው፤ ለጊዜው በዚሁ እየሠሩ ትርጉሙን መጨረስም ይችላሉ።

እስከዚህ ደርሰው ካልሆነ የባዮሱን ቅንብር ወደ መጀመሪያው መመለስ ተራው ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኃይሉን ከነቀሉ በኋላ ያውጧትና ማስነሻውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው፣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይመልሷት። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይወቁ። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ካላስተካከሉት ድረ ገጾች አንከፈትም ይሉዎታል። የዲስኩ አሠራር ቅንብር ከቀድሞው የተለየ ሆኖ ከተመለሰ ዊንዶውስ ላይነሣ ይችላል፤ ያ የዲስክ መበላሸት ስላልሆነ ቅንብሩን ወደ ነበረበት መመለስ ይበቃል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በዊንዶውስ 11 በሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ቢትሎከር የተባለው ቁልፍ ባለቤቱ ልብ ሳይለው ዲስኩን ቆልፎት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዲስክ የባዮስ ቅንብር ሲቀየር፣ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር፣ 48 አኃዝ ያለው መክፈቻ ይጠይቃል። መክፈቻው ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይገኛል። በስልክዎ ገብተው መኖሩን አሁኑኑ ይመልከቱ፤ ካገኙት በወረቀት ይገልብጡት። የእርስዎን ትርጉም በእውነት ሊያሳጣዎት የሚችለው ከማዘርቦርዱ ይልቅ ይህ መክፈቻ መጥፋቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማሽኑን ወደ ትንሹ ማውረድ ነው። ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ምስል የሚያወጣው አካል። ሌላውን ሁሉ፣ ዲስኮቹንም ጭምር፣ ይንቀሉ። በዚህ ሁኔታ የባዮስ ጽሑፍ ከታየ የነቀሉትን አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው ሲገባ እንደሚጨልም ይዩ። ካልታየ ፓወር ሰፕላዩን በደህና ፓወር ሰፕላይ መለወጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሚያውቅ ሰው ተውሰው ማድረግ ይቻላል። የ12 ቮልቱ መስመር በቮልት መለኪያ ሲለካ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ብልሽቱ ተገኘ፤ በውስጡ ሆኖ ግን ደህና ነው ብለው አይደምድሙ፣ ጭነት ሲመጣበት የሚወድቅ አለና። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱት፤ ልጅዎም እንዳትከፍተው ይንገሯት። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከግድግዳው ከተነቀሉም በኋላ ሰው የሚጎዳ ኃይል ይይዛሉ።

ማዘርቦርዱን መጠርጠር ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ክብና ረጃጅም የሆኑትን ካፓሲተሮች አናት ይመልከቱ፤ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባቸው ካበጡ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጡ፣ አንድ ቦታ ከጠቆረ፣ የመቃጠል ሽታ ካለ፣ የጠጋኙ ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን በአካል ወስደው «ይህን ያረጋገጡት የትኛውን ዕቃ በደህና ለውጠው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። ኮምፒውተሩን ትተው የሚሄዱ ከሆነ ዲስኩን አስፈትተው ይዘውት ይሂዱ፤ ማዘርቦርድ ለመፈተሽ የእርስዎ ዲስክ አያስፈልግም።

ይህን ዓምድ ለሚከታተሉ ሌሎች አንባቢዎች አንድ ልዩነት ልጠቁም። ሲነሣ የኩባንያው አርማ ታይቶ ዊንዶውስ ሊገባ ሲል የሚጨልም ከሆነ ከላይ የጻፍኩት ብዙው አይመለከታችሁም። እዚያ ራሙም ኃይሉም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ጥርጣሬው የግራፊክስ ካርዱ ሶፍትዌር ወይም ስክሪኑ የማይችለው የምስል መጠን ላይ ነው። የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የ«ቢ» ቁልፎችን በአንድ ላይ መጫን የምስሉን ሶፍትዌር እንደ አዲስ ያስነሣዋል። ካልሆነ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በትንሹ ብቻ በሚነሣበት ሁኔታ) ገብቶ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ መጫን ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ምስሉ ሲመጣ የኬዙን ጎን ለመዝጋት አይቸኩሉ፤ ወደ ሥራም አይግቡ። መጀመሪያ ትርጉሙን በውጭ ዲስክ ላይ ይቅዱ፤ ከዚያ ሌላ ቅጂ ወደ ኢሜይልዎ ወይም ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ ይላኩ። ሁለቱንም ፋይሎች ከፍተው የመጨረሻው ገጽ መኖሩን ይዩ። ምስሉ ካልመጣ ደግሞ ሦስት ነገር ጽፈው ይላኩልኝ፦ የነምሎክ መብራት ምን እንዳደረገ፣ ከማዘርቦርዱ ጥቃቅን መብራቶች የትኛው በርቶ እንደቀረ፣ የማዘርቦርዱና የፕሮሰሰሩ ሞዴል። ከእነዚህ ተነሥተን እንቀጥላለን።